ያለ ምስማር የተዘጋው ሳጥን

ሲጋራ ባንድ ጊዜ ያቆመ ሰው ይሞታል ይላል አጎቴ። አንድ ቀን ብሎ ቢተወው ኖሮ እኔም ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ አልፈው ነበር። እሱ ግን አፉን በከፈተ ቁጥር ይለዋል። እንጨት የሚያመጣልን ረጅም ሹፌር ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ በቃኝ አለ፤ በሳምንቱ አፈር ገባ። ደም የለመደውን ሲያጣ ይረጋል፤ የረጋ ደም ደግሞ ወደ ልብ ይሄዳል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲያወራው ሹፌሩ ሳምንት አይቆይም፤ በማግስቱ ይሞታል። ሌላ ጊዜ መሪውን እንደጨበጠ ይሞታል። አንዴማ «አንዲት ብቻ ለኩሱልኝ» እያለ ነው ነፍሱ የወጣችው። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት የሚባለው ለሰሚው ነበር፤ አጎቴ ለሰሚው አዝኖ ራሱ ጨምሮበት ያቀርበዋል።

የት ተቀበረ ብዬ ጠየቅሁት። ጭሱን ወደ ላይ ለቀቀና፣

«አንቺ ደግሞ፣ ሞተ ሲሉሽ እሺ አትዪም?» አለኝ።

ይህ ሁሉ የሚወራው ከአባቴ የእንጨት ሥራ ቤት ጀርባ ካለው ግድግዳ ሥር ነው። ውስጥ ማጨስ የለም። ሰጋቱራው፣ ኮላው፣ ቫርኒሹ፣ የሶፋው ስፖንጅ አንዲት ብልጭታ ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ አጫሾቹ በሻይ ሰዓት እየወጡ ግድግዳው ላይ ይደገፋሉ፤ ቁራጩንም እዚያው ግድግዳው ላይ ይተረኩሱታል። ከወገብ በታች ያለው ልስን እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። የአጎቴ የምስማርና የብሎን ሱቅ ዋናው መንገድ ላይ ነው። ደንበኛ አስቀምጦም ቢሆን በሻይ ሰዓት ከግድግዳው አይቀርም።

አባቴ አናጺ ነው። በግራ ጆሮው ላይ እርሳስ፣ በቀኝ ጆሮው ላይ ሲጋራ ሰክቶ ነው ያሳደገኝ። ሥራ ሲበዛበት ይምታታበታል፤ በሲጋራው ጣውላ ላይ ሊያሰምር ይሞክራል። እርሳስ አፉ ውስጥ ከትቶ ክብሪት የጫረ ሰው ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

ብርዱ ሲገባ የቀኝ እጁ ሌባ ጣት ጫፉ ነጣ። ቀጥሎ ሰማያዊ ሆነ። ከዚያ ጥፍሩ ሥር አልድን ያለች ቁስል ወጣች። ያቺ ጣት እንደ ሌላ ሰው ጣት እንዳትመስላችሁ። መሮውን የምትመራው እሷ ናት። ሁለት እንጨት ሲጋጠም አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ መጋጠሚያውን በጣቲቱ ጫፍ ያዳምጠዋል። ዓይን ይዋሻል ነው የሚለው። የቤታችን ጣራም፣ የእናቴ መድኃኒትም፣ የእኔም ጫማ የወጣው ከዚያች ጣት ነው።

ሐኪም ቤት ይዤው የሄድኩት እኔ ነኝ። ሐኪሟ እጁን አገላብጣ አየችና ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም። የደም ሥሮቹ እየተዘጉ ነው፤ የሚዘጋቸው ጭሱ ነው፤ ማቆምን የሚተካ መድኃኒት የለም አለች። መቀነስ አይሆንም ወይ አላት አባቴ፣ ገበያ የወጣ ይመስል።

«አንዲትም ብትሆን ለጣትዎ ሙሉ ፓኮ ናት» አለችው። «ወይ ሲጋራው፣ ወይ ጣቱ።»

ወደ ቤት ተመለስን። በራችን ጋ ስንደርስ፣

«ቀስ በቀስ ነው የሚሻለው» አለኝ። «የሹፌሩን አልሰማሽም?»

ከዚህ በኋላ ነው ማኅበሩ የተቋቋመው። ያቋቋመችው እትዬ ስፖንጅ ናት። እናትና አባቷ ያወጡላትን ስም የሚያስታውስ የለም፤ የሶፋ ስፖንጅ እየቆረጠች ጨርቅ ስለምታለብስ ስሙ ተለጥፎባት ቀረ። የልጅ ልጇ «አያቴ አፏ ይሸታል» ብላ አልስምም ካለቻት ወዲህ ነገሩ ከንክኗታል። ሲጋራ የሚያቆሙ ሰዎች ተሰብስበው ቢደጋገፉ ይቀናቸዋል ሲባል ደግሞ በሬዲዮ ሰማች። አባቴን ያዘች። ቫርኒሽ ቀቢያችንን ያዘች፤ እሱን ደመና ነው የምንለው፤ ቫርኒሽ ሲረጭም ሲያጨስም ፊቱ አይታይም። አጎቴ ሳይጠሩት መጣ። ወንድሜን ላበረታታ ነው አለ።

የት ተሰበሰቡ? እዚያው ግድግዳ ሥር፣ በዚያው ሻይ ሰዓት። ሰካራሞች መጠጥ ለማቆም መጠጥ ቤት ቀጠሮ ሲይዙ አስቡት። በየተራ እየተነሱ «ዛሬ አላጨስኩም» ይላሉ፤ የቀሩት ያጨበጭባሉ። ጀግና! አንበሳ! አይዞህ! አይዞሽ! እኔን፣ አጭሼ ስለማላውቅና አፍንጫዬ ስለማይታማ፣ ምስክር አድርገው አቆሙኝ። ስሙን የአይዞህ ማኅበር አልኩት። በአይዞህ ቢሆን ኖሮ ሞቶ የሚቀበር ሰው ባልኖረ። ግን ማን ይሰማል? ጭብጨባ የለመደ ጆሮ ሌላ ድምፅ አይገባውም።

የሳጥኑን ሐሳብ ያመጣው አባቴ ነው። ሁሉም የመጨረሻ ፓኮውን ያምጣ፤ እኔ ሳጥን እሠራለሁ፤ ቁልፍ የለው፣ ምስማር የለው፤ ከተዘጋ በኋላ ሊከፍተው የሚፈልግ ይስበረው አለ። የእንጨት ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ሥራ ከሚሰብር እጁን ቢሰብር ይመርጣል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ አልዋሽም። ሠራውም። ማዕዘኖቹ ጥርስ በጥርስ ተጋጥመው፣ በመሀላቸው ፀጉር አይገባም። የአጎቴም ሳይቀር አራቱ ፓኮዎች ገቡ፣ ክዳኑ በኮላ ተጣበቀ፣ ኮላው እስኪደርቅ በማሰሪያ ታስሮ አደረ፣ ከዚያ ከኮላ ቆርቆሮዎቹ በላይ ያለው መደርደሪያ ላይ ተሰየመ። ደንበኛ ሁሉ ቀና እያለ ያደንቀዋል። እኛ የምንኖርበት ቤት በር ሲዘጋ ጎረቤት ይቀሰቅሳል፤ ሲጋራ ግን እንዲህ ያለ ቤት ተሠራለት።

ማኅበሩ ደመቀ። ጭብጨባው እስከ መንገዱ ይሰማ ጀመር። የአባቴ ጣት ግን አላጨበጨበችም። ቁስሏ ሰፋ፣ ጫፏ ወደ ጥቁር ሄደ። አባቴ ጠዋት ጠዋት ጨርቅ ይጠቀልልባትና ከእኔ ዓይን ይሸሽጋታል። አጎቴ ጨርቁን እያየ አንገቱን ይነቀንቃል።

«አላልኩህም? ባንዴ አቁመህ ደሙ ረግቶ ነው» ይለዋል።

አባቴም ይፈራል። ዕድሜውን ሙሉ በሚሊ ሜትር የኖረ ሰው፣ ሐኪሟ ያለችውን ትቶ ምስማር ሻጭ ያለውን ያምናል።

ሌላም ነገር ነበር። አራቱም ቅርንፉድ ማኘክ ጀመሩ። አንድ ሰው ቅርንፉድ ቢያኝክ ጥርሱን አሞት ይሆናል ይባላል። አራት ሰው በአንድ ሰሞን ጥርሱን አያመውም።

አንድ ጠዋት መደርደሪያውን ልወለውል ሳጥኑን ገፋ አደረግሁት። ውስጡ ቋ አለ። የሲጋራ ፓኮ ካርቶን ነው፤ ካርቶን ቋ አይልም። እንጨት ነው በእንጨት ላይ ቋ የሚለው።

ገለበጥኩት። የሳጥኑ ወለል ሳንቃ በተሰካበት ቦይ ውስጥ በኮላ አልተያዘም። ይህ ጥፋት አይደለም። ሳንቃን በቦዩ ውስጥ የሚያጣብቅ አናጺ፣ አናጺ አይባልም፤ እንጨት በእርጥበት ያብጣል፣ በፀሐይ ይሰበሰባል፣ ካልፈቱት ይሰነጠቃል። ማንም ሳያስተምረኝ አባቴን ከኋላው ቆሜ እያየሁ መጀመሪያ የያዝኩት ትምህርት ይኸው ነው፤ እንጨት ይተንፍስ። የዚህ ሳጥን ቦይ ግን በአንዱ ወገን እስከ ጫፍ ተከፍቷል። ሳንቃውን በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጉት እንደ መሳቢያ ይወጣል። ይህማ እንጨቱ እንዲተነፍስ አይደለም፤ ሠሪው እንዲያጨስ ነው።

ሳብኩት። ሲጋራ የሚባል አልነበረም። መጀመሪያ እጄ የገባው በፓኮ ልክ የተቆረጠ እንጨት ነው፤ ልኩ ልክ፣ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት የለሰለሰ። አባቴ ለሌብነት የሚሠራውን እንኳ ጠርዙን ሳያለሰልስ አይተወውም። ቀጥሎ በጨርቅ የተለበጠ ስፖንጅ፣ ዙሪያው በሚያምር ስፌት የተዘመዘመ። ከዚያ ታጥፎ ታጥፎ የፓኮ ውፍረት የሆነ ብርጭቆ ወረቀት፣ ቫርኒሽ ቫርኒሽ የሚል። የመጨረሻው ባዶ ፓኮ ነበር፤ ምስማር ሞልተውበት በሽቦ ታስሯል። ሌባ ሲባል ዱካውን ያጠፋል። እነዚህ እያንዳንዳቸው የሙያ ማኅተማቸውን አሳርፈው ነው የሄዱት።

ያናደደኝ ይህም አይደለም። ሁለተኛው ሌባ ሳንቃውን ሲስብ የመጀመሪያውን እንጨት አግኝቷል። ሦስተኛው ሁለቱንም አይቷል። አይተው፣ የየራሳቸውን ተክተው፣ ሳንቃውን መልሰው፣ በሻይ ሰዓት ወጥተው እርስ በርሳቸው አጨብጭበዋል።

ሁሉንም ወደ ቦታው መለስኩ። በሻይ ሰዓት ሳጥኑን አቅፌ ወጣሁና በተገለበጠ በርሜል ላይ አስቀመጥኩት። እትዬ ስፖንጅ «ዛሬም በአምላክ ቸርነት» ብላ ጀምራ ነበር። ጭብጨባውን አስጨረስኳቸው። ከዚያ ሳንቃውን ስቤ አራቱን ዕቃ በርሜሉ ላይ ደረደርኩ።

 ደመና ብርጭቆ ወረቀቱን አይቶ ወደ ሰማይ ቀና አለ፤ ዝናብ የሚጠብቅ ይመስል። ቀድሞ የተናገረው አባቴ ነው። የተናገረውንም ልንገራችሁ።

«ማን ከፈተው?»

«አራታችሁም» አልኩት። «እኔ አምስተኛ ነኝ።»

አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ሰው በልኩ ነው የሚሄደው፤ ባንዴ ቆርጦ የጣለማ ያ ሹፌር እንኳ ብሎ ሲጀምር አቋረጥኩት።

«ሹፌሩን ተወው ጋሼ። ሞቶም ከሆነ አሥር ጣቱን ይዞ ነው የተቀበረው።» ወደ አባቴ ዞርኩ። «አባዬ፣ ይቺን ጣት የምታስቆርጣት ለማን ጭብጨባ ብለህ ነው?»

አባቴ ጨርቅ የተጠቀለለባትን ጣት በሌላው እጁ ሸፈናት፤ ልጅ ሲሰደብ አባት ጆሮውን እንደሚሸፍንለት።

እትዬ ስፖንጅ የራሷን ዕቃ አነሳች። ስፌቱን አገላብጣ አየችውና ሳቀች። ሳቋ አላቆም ብሎ ዓይኗን አስለቀሳት። በቀሚሷ ጫፍ ከጠረገችው በኋላ ድምፅዋ ሌላ ነበር።

«ከዛሬ ጀምሮ የሚያጨበጭብ ሰው እጁን በመርፌ እሰፋዋለሁ» አለች። «ያጨሰ፣ አጨስኩ ይበል። ማጨስ ያማረው፣ ሳይለኩስ እኔ ጋ ይምጣ፤ እኔም ሲያምረኝ እመጣባችኋለሁ። እዚህ ግድግዳ ጋ ግን የለሁበትም።»

የት ይሁን ተባለ። የስፖንጁ ክፍል ይሁን አለች። እዚያ ክብሪት የሚጭር እብድ እንኳ የለም። አጎቴ ሱቅ ዘግቼ መጥቻለሁ፣ ደንበኛ ይጠብቀኛል አለና ሄደ። ማበረታታቱን በዚያው ጨረሰ።

አዲሱን ማኅበር ልሳለቅበት ተዘጋጅቼ ነበር፤ እውነቴን ነው። ግን የሚሳለቁበት ነገር አሳጡኝ። የአባቴ እጅ ሳይታወቀው ወደ ቀኝ ጆሮው ይነሳል፤ ባዶ ነው። መላጊያውን ያስቀምጥና ወደ ስፖንጁ ክፍል ይሄዳል። በጥቅል ስፖንጅ ላይ ይቀመጣል። እሷ አትመክረው፣ አታወድሰው፤ ቁርጥራጭ ትሰጠዋለች፤ እሱም ይበጣጥሳል። አምሮቱ እስኪያልፍለት እሷ ስፌቷን ትሰፋለች። አንዳንዴ ተራው ይገለበጣል፤ እሷ መርፌዋን ሰክታ ወደ አባቴ ጠረጴዛ ትመጣለች፣ ትቆማለች፣ እሱ እንጨት ይልጋል። ደመና አንድ ቀን ገባና አጨስኩ አለ። እሺ ነገስ አለችው። ነገ እንጃ አለ። እንጃም መልስ ነው አለችው። እኔ በሩ ላይ ስድቤን ይዤ ቆሜ የማስቀምጥበት አጣሁ። አይዞህ የሚባል ቃል ከዚያ ቤት ጠፋ። አባቴም ሲጋራውን ለቀቀ። ቀኝ ጆሮው ለብዙ ጊዜ ባዶ ቆየና እርሳሱ ከግራ ወደ ቀኝ ተዛወረ።

ጣቲቱ ግን አልጠበቀችም። ጫፏ ሞቶ ስለነበር ከመሀለኛው አንጓ ላይ ተቆረጠች። ሐኪሟ ሌሎቹን ጣቶች አንድ በአንድ ጨብጣ ሞቀዋል፣ እነዚህ ይተርፋሉ፣ እንዳይመለሱበት ብቻ አለችው። «ያኔውኑ አቁመው ቢሆን ኖሮ» አላለችም፤ እኔን ብቻ አየችኝ። እትዬ ስፖንጅ አንድ ጊዜ ብቻ አይዞህ ያለችው ያን ቀን ነው፣ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ሲገባ። ጀግና ነህ አላለችውም።

አሁን መጋጠሚያውን በመሀል ጣቱ ያዳምጣል። ዓይን ይዋሻል፣ ይቺ ደግሞ ገና ለማጅ ናት ይላል። ካላመነበት እኔን ይጠራኛል።

«ነይ ንኪልኝ።»

ድሮ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። እነካለታለሁ። ልክ ነው እለዋለሁ፤ ካልሆነም አልሆነም እለዋለሁ።

አጎቴ ከግድግዳው አልተለየም። ብቻውን አይደለም፤ ቦታው ሰው አያጣም። ከመንገዱ ማዶ ያሉት በያጆች በሻይ ሰዓት ይመጣሉ፤ የሹፌሩን ሞት ይነግራቸዋል። አንድ ቀን ሰጋቱራ ልደፋ ስወጣ አዲስ የተጨመረውን ሰማሁ። ወንድሜንም ተመልከቱ ይላቸዋል፤ ባንዴ አቆመ፣ ጣቱ ረገፈ። ሰጋቱራውን በነፋሱ በኩል ደፋሁላቸው።

ብርዱ ያለፈ ሰሞን አንድ ጠዋት አባቴ እንጨት ሲለካ፣ እኔ ወንበር በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍግ፣ አንድ ሰው በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ገባ። ጎንበስ ያለው በትሕትና አይደለም፤ ቁመቱ ነው። በእጁ ፌስታል ይዟል። ደመና የቫርኒሽ ብሩሹን እንዳንጠለጠለ ቀረ፤ ቫርኒሹ ጫማው ላይ ይንጠባጠባል።

«አንተ ሞተሃል እኮ» አለው።

ረጅሙ ሰው ሳቀ። ማነው የገደለኝ አለ። አጭሶ እንደሆነ ጠየቀው ደመና፤ ሌላ ጥያቄ አልመጣለትም። ኧረ ካቆምኩ ቆየሁ አለ ሰውዬው። ካቆምኩ ወዲህ ከእናንተ ግድግዳ መራቅ ነበረብኝ፤ ሲጋራ ባይ እለኩሳለሁ ብዬ የእናንተን ጭነት ለሌላ ሹፌር ሰጠሁ፤ አትቀየሙኝ አለ። አሁን ቤት ሠርቶ የጓዳ በር ሊያሠራ መጥቷል።

እትዬ ስፖንጅ ከክፍሏ ብቅ ብላ ነበር። ሰውዬውን ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ የአባቴን እጅ አየች።

አባቴ እርሳሱን ከቀኝ ጆሮው አወረደ። በመሀል ጣቱና በአውራ ጣቱ መሀል ያዘው፤ አያያዙ አሁንም አልረጋለትም።

«በሩ ስንት በስንት ነው?» አለ።

ሰውዬው ልኩን ነገረው። አባቴ ጣውላ ላይ ጻፈ። ማጠፊያውን እኔ ላምጣ ወይስ ታመጣለህ አለው ቀና ሳይል።

«አምጥቻለሁ» አለ ሹፌሩ፣ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠ። «ከወንድምህ ሱቅ ነው የገዛሁት። ቤቱን ስሠራ ምስማሩንም ቆርቆሮውንም የሰጠኝ እሱ ነው፤ ካቆምኩበት ወር ጀምሮ ደንበኛው ነኝ።»